ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ስም

ሐዳሳ ጠናን የማያውቃት የሆሳዕና ባለሱቅ የለም። ጂፕሰም ሻጩም ቀለም ሻጩም ከሩቅ ሲያያት «መጣች ደግሞ!» ይላል። የቀለሙ ዓይነት በትንሹ ከተለየባት መልሳ የምታስጭን ሴት ናት። የውስጥ ዲዛይን ተምራ ከአዲስ አበባ ስትመለስ «መጋረጃ ለመስቀል ነው ይኼ ሁሉ ዓመት?» ብለው የሳቁባት ሰዎች፣ ዛሬ ሳሎናቸውን የምታሳምርላቸው እሷው ናት። በሥራ ማንንም አትፈራም። የምትፈራው አባቷን ብቻ ነው፤ ይኼም ከመውደዷ ብዛት ነው።

አባቷ አቶ ጠና የአንድ መዘምራን ማኅበር ሰብሳቢ ናቸው። ማኅበሩ ሃምሳ ዓመት ሲሞላው አዲስ ቢሮ አገኘና ቢሮው የመዝሙር ታሪኩን እንዲናገር ተብሎ ሥራው ለሐዳሳ ተሰጠ። «ለልጁ ሰጠ» ተብሎ መታማቱ አልቀረም፤ ሥራዋን ያየ ግን አፉን ያዘ። የድሮውን አኮርዲዮን መስታወት ውስጥ አስቀመጠችው። የካሴት ሽፋኖቹን እንግዳ መቀበያው ላይ ደረደረቻቸው። ዋናው ግን ረጅሙ ግድግዳ ነበር። ማኅበሩ የሚታወቅበት፣ ሠርግም ቢሆን ቀብርም ቢሆን የማይቀር አንድ የሀዲይኛ መዝሙር አለ። የዚያን ዜማ መውጣትና መውረድ እየተከተለ የሚሄድ የዋንዛ እንጨት ከበሩ እስከ ስብሰባ ክፍሉ ልትዘረጋ አሰበች። መጨረሻው ላይ የደራሲው ስም በእንጨት ፊደል ይለጠፋል። ደራሲው አቶ ጠና መሆናቸውን ደግሞ ሕፃን ሁሉ ያውቃል።

የዛሬ ዘማሪ ዜማውን እንደፈለገው ቆራርጦታል። የጥንቱ እንዴት እንደነበር ብትጠይቃቸው አባቷ «ያለው ይበቃል» ብለው አለፏት። ዋለ የሚባለው አናጺዋ ግን የሌሞ ገጠር ሰው ነው። «የእኛ ሰፈር እማማ እታለም ያውቁታል» አላት። ቅዳሜ ሄደች።

እማማ እታለምን ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው። የግድግዳውንና የሚለጠፈውን የደራሲ ስም ነገር ነግራቸው ዜማውን አንጎራጎረችላቸው። መሐል ላይ አስቆሟት።

«እዚህ ጋ ይወርዳል እንጂ አይወጣም። እኔም መሬት የወደቅሁት እዚህ ጋ ነው» አሏት።

ከዚያ ነገሩን ነገሯት። የአራት ዓመት ልጃቸው አሞጽ ሲሞት፣ እንደ ጥንቱ ደረታቸውን እየደቁ በዜማ አለቀሱለት። ያኔ አማኝ እንዲያ ካለቀሰ ትንሣኤን እንደካደ ይቆጠር ነበር። ሽማግሌዎቹ ከጌታ እራትም ከመዘምራኑም አገዷቸው። የእገዳውን ደብዳቤ በጉባኤ ፊት ያነበበው ወጣቱ ጠና ነበር። በዓመቱ ያው ጠና ያንኑ የለቅሶ ዜማቸውን የመዝሙር ቃል አልብሶ መድረክ ላይ ዘመረው።

«ልጄን ባለቀስሁበት ሰው ሲያጨበጭብ በመስኮት ሰማሁ» አሉ።

ሐዳሳ «አባቴ ናቸው» አለች።

«አውቃለሁ፤ ዓይንሽ የእሱ ነው። እኔ ስሜ ይቅር። የአሞጽን ጻፊልኝ፤ ፎቶ እንኳ የለውም።»

«እጽፋለሁ» አለች። ከልቧ ነበር።

ማታ አባቷን ጠየቀቻቸው። አቶ ጠና አልካዱም፤ ቢክዱላት ኖሮ ይሻላት ነበር።

«ልክ ነሽ። ግን ይኼን ስቀበር አድርጊው። በቁሜ አታዋርጂኝ፣ ልጄ» አሏትና እንባቸው ወረደ። አባቷን ሲያለቅሱ አይታ አታውቅም ነበር፤ አንጀቷን በሉት።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። ይበሉ! ለሐዳሳ ግን ባደረ ቁጥር እየጨለመባት ሄደ። «አሞጽ የሚለውን ፊደል ቁረጥልኝ» ልትለው ሦስት ጊዜ ዋለ ዘንድ ሄደች፤ ሦስቱንም ጊዜ ስለ ቫርኒሽ አውርታ ተመለሰች። ለአንድ ጠብታ ቀለም ነጋዴ የምታንቀጠቅጠው ሴት ማለት ይህች ናት። ምረቃው ሁለት ቀን ሲቀረው «ጠና» የሚለው ስም ተለጠፈ። ለእማማ እታለም ምን እንደምትላቸው አላወቀችም፤ ባይመጡ ብላ ጸለየች። እንዲህም ያለ ጸሎት አለ።

መጡ። ዋለ በጎ የሠራ መስሎት ከሌሞ ይዟቸው መጣ፤ በሩ ላይ ለሐዳሳ አስረከባቸውና ወንበር ፍለጋ ሄደ። እማማ እታለም እንጨቱን በእጃቸው እየዳሰሱ፣ ለራሳቸው እያንጎራጎሩ ግድግዳውን ተከትለው ሄዱ። የሚወርድበት ቦታ ሲደርሱ ቆሙ፤ ሐዳሳ በትክክል አውርዳዋለች። ራሳቸውን ነቀነቁና ቀጠሉ። መጨረሻው ላይ ጣታቸው ፊደሎቹን ነካ። ማንበብ አይችሉም።

«የአሞጽ ይኼ ነው?» አሏት።

አቶ ጠና ከፊት ወንበር ሆነው ያዩ ነበር። ሐዳሳ አባቷን አየች፤ አሮጊቷን አየች።

«አዎ፣ እማማ» አለች።

እማማ እታለም ነጠላቸውን ከአፋቸው ገለጥ አድርገው፣ ጎንበስ አሉና «ጠና» የሚለውን ስም ሳሙት።