የእንሰቷ ሐኪም

ሕክምና መማር በጀመርኩ በመጀመሪያው ሳምንት የዋሸሁት ውሸት አንዲት ቃል ነበረች። የክፍሉ ልጆች ሻይ ቤት ተሰብስበን እያንዳንዳችን ከምን እንደመጣን እንጫወታለን። ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል በቀጥታ የገባ በመካከላችን የለም፤ ሁላችንም አንድ ዲግሪ ይዘን፣ ፈተና አልፈን፣ እንደገና ከሀ የጀመርን ነን። አንዷ ነርስ ነበርኩ አለች፤ አንዱ ፋርማሲስት፤ አንዱ ጤና መኮንን። ከዚያ አንድ ረጋ ያለ ልጅ «ባዮሎጂ» ሲል ነርስ የነበረችው ልጅ «እሰይ፣ እንቁራሪት መጣልን!» አለችና ጠረጴዛው በሳቅ ተነቃነቀ። ቀጣይዋ ተራ የኔ ነበረች። «ላብራቶሪ» አልኩ።

የተማርኩት ባዮሎጂ ነው። ወልቂጤ ላይ ዓመታት የፈጀሁበት፣ እኔም እንደዚያ ልጅ እንቁራሪት የቀደድኩበት ባዮሎጂ። ልጁ እስከ መጨረሻው «እንቁራሪት» ተብሎ ቀረ፤ በሱ ሲቀለድ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ከሚስቁት አንዷ እኔ ነበርኩ። ውሸቴ ደግሞ ቀለብ የሚፈልግ ሆኖ አረፈው። ደም መቅዳት ስንለማመድ «አንቺ ላብራቶሪ አይደለሽ፣ አሳዪን እስቲ» ይሉኛል። መርፌ ይዤ አላውቅም። ራሴን መታጠቢያ ቤት ቆልፌ በገዛ ክንዴ ላይ ተለማመድኩ፤ ሳምንት ሙሉ እጅጌዬን ሳልሰበስብ ከረምኩ። አንድ እውነት ከመናገር ክንዴን መብሳት ቀለለኝ።

ሐፍረቱ የተጀመረው ግን ሻይ ቤት አይደለም፤ ቡታጅራ ነው። ተመርቄ ሥራ ሳላገኝ አባቴ ጨርቅ ቤት ውስጥ ጣቃ ስጠቀልል ከረምኩ። ደንበኞቹ «ልጅህ ምን ጨረሰች?» ይሉታል። «ባዮሎጂ» ይላል አባቴ፣ ቃሉን እንደ ሰው ዕቃ በጥንቃቄ ይዞ። «እሱ ደግሞ ምን ያሠራል?» ይሉታል። ሜትሩን አንስቶ መለካት ይጀምራል። ከጎናችን ያሉት ሙስሊም ነጋዴ «አብሽሪ ልጄ፣ አላህ ያመቻቻል» ባሉኝ ቁጥር ይብስብኝ ነበር። ዲግሪ ላላቸው የተከፈተ የሕክምና ትምህርት መኖሩን ስሰማ የተፈተንኩት፣ እውነቱን ልናገርና፣ ሰው አድናለሁ ብዬ አይደለም። አባቴ መልስ እንዲኖረው ነው።

አሁን ይህን ወደምታስጽፈኝ ሴት ልምጣ፤ እስካሁን የዞርኩት እሷ ጋ ላለመድረስ ነው።

የባዮሎጂ መመረቂያ ጽሑፌ እንሰትን ስለሚያጠወልገው በሽታ ነበር። ወላጆቼ ከጉራጌ የቸሃ ሰዎች ስለሆኑ፣ ቋንቋውንም ከቤት ስለማውቀው፣ አማካሪዬ ወደዚያው ላከኝ። ቦት ጫማ አድርጌ፣ መጠይቅ ይዤ ጓሮ ለጓሮ ዞርኩ። ባሏ የሞተባት የአንዲት ሴት ጓሮ እኩሌታው ቢጫ ሆኖ ጠበቀኝ። በሽታው ከተክል ወደ ተክል የሚሄደው በቢላዋ ነው፤ የታመመውን የቆረጠ ቢላዋ ጤነኛውን ይበክላል። ይህን ስነግራት ቢላዋዋን አገላብጣ አየችውና «እኔው ነኛ የገደልኩት» ብላ አለቀሰች። አብረን የታመሙትን ነቅለን ቀበርን፤ ከእያንዳንዱ ተክል በኋላ ቢላዋውን እሳት ላይ እንድታሳልፈው አሳየኋት። መዳፌ ሲላጥ ቅቤ ቀብታ በጨርቅ አሠረችልኝ። «አዶት» እላት ነበር፤ በኛ ቋንቋ እናት ማለት ነው። እሷ ደግሞ «የእንሰቷ ሐኪም» ብላ ስም አወጣችልኝ፤ መንደሩም ተቀብሏት በዚያው ስም ይጠራኝ ጀመር። ያን ጊዜ ደስ ይለኝ ነበር።

ሕክምና ሦስተኛ ዓመት ላይ ከመጽሐፍ ወደ በሽተኛ ተሻገርን። በኅዳር አንድ ጠዋት፣ በተመላላሽ ታካሚዎች ክፍል፣ ነጭ ጋውናችንን ለብሰን ከአንድ ሲኒየር ዶክተር ኋላ አምስት ተማሪዎች ቆመናል። ነርስ የነበረችውም፣ «እንቁራሪት»ም አሉ። በሩ ተከፈተና አዶት ካርዷን በፌስታል ጠቅልላ ገባች።

መጀመሪያ ያየችው ዶክተሩን ሳይሆን እኔን ነው። ፊቷ በራ። ሁለት እጄን ይዛ በጉራጊኛ «የእንሰቷ ሐኪም! አገኘሁሽ! ቢላዋውን እሳት ሳላስነካ ቆርጬ አላውቅም እኮ! እንሰቴ ከቤቱ በልጧል» አለችኝ። ከሌሎቹ ጉራጊኛ የሚሰማ አልነበረም። ነርስ የነበረችው ፈገግ ብላ «ታውቂያታለሽ እንዴ? ከየት?» አለችኝ።

አንድ «አዎ» ይበቃ ነበር። ግን «አዎ» ካልኩ ከየት የሚለው ይከተላል፤ ከየት ከተባለ ጓሮው፣ ቦት ጫማው፣ ባዮሎጂው ይመጣል። ሁለት ዓመት የሳቅሁበት ስም ወደ እኔ ይዞራል። እጄን ከእጇ አወጣሁና በአማርኛ «ተሳስተዋል እማማ፣ እኔ አይደለሁም» አልኳት።

አዶት የምላትን ሴት አንቱ አልኳት። አማርኛዋ ትንሽ ነው፤ ይህ ግን አላመለጣትም። ፊቴን አየች፣ ጋውኔን አየች፣ አጠገቤ የቆሙትን አየች። «ይቅርታ ልጄ» አለች በተሰባበረ አማርኛ፣ «ዓይኔ ነው።»

ዶክተሩ ወደኛ ዞሮ «ጉራጊኛ የሚችል አለ?» አለ። ጫማዬን አየሁ። ከኮሪደሩ አባቱን ሊያሳክም የመጣ አንድ ጎልማሳ ተጠራ። ምንሽን ነው የሚያምሽ ተባለች። ሰውየውን ቀና ብላ አየችውና ነጠላዋን ወደ ሆዷ ሰበሰበች። «ወገቤን» አለች። ከመቼ ጀምሮ? «ቆየ።» ሌላስ? «ሌላ የለም።» የሽንት ምርመራ ታዘዘላት፣ ማስታገሻ ተጻፈላት። አስተርጓሚው ቀድሟት ወጣ። እሷ በሩ ላይ ስትደርስ ለራሷ በጉራጊኛ «የመጣሁበት ነገርስ ቀረ» አለች። ያለችው ነገር የገባኝ በዚያ ክፍል ውስጥ እኔ ብቻ ነበርኩ። ተከትያት መውጣት እችል ነበር። ቀጣዩ በሽተኛ ገባ፣ የደም ግፊቱን ለካሁ።

ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ ነሳኝ ብል ለራሴ ማዘን ይሆናል። እንቅልፌን ተኝቻለሁ። ምግብም በልቻለሁ፣ ፈተናም አልፌያለሁ። ብቻ እጄን በታጠብኩ ቁጥር እጇን የለቀቅሁበት ይታወሰኛል፤ በሕክምና ደግሞ እጅ በቀን ስንት ጊዜ ይታጠባል።

በጥር፣ የሴሚስተር ዕረፍት ላይ፣ ለዘመድ ሠርግ ከአባቴ ጋር ቸሃ ሄድን። አባቴ በየደረሰበት «ዶክተሯ ልጄ» እያለ ያስተዋውቀኛል፤ መልሱን አግኝቷል። በማግስቱ ብቻዬን ወደ አዶት ቤት ወረድኩ። መንገድ ላይ ሦስት ጊዜ ቆሜያለሁ።

ጓሮው ውስጥ ጎረቤቶቿ ተሰብስበው እንሰት ይፍቃሉ። ፋቂዋ መሬት ተቀምጣ፣ አንድ እግሯን አንስታ እንሰቱን በተረከዟ ከሳንቃው ጋር አጣብቃ ነው የምትፍቀው፤ ከሆድ በታች ያለውን ሁሉ የሚጎትት ሥራ ነው። በዚህ ሥራ ማንም የማይስተካከላት አዶት ዳር ላይ፣ በርጩማ ላይ፣ በአንድ ጎኗ ተቀምጣ ታያለች። አንዷ ጎረቤት አየችኝና «የእንሰቷ ሐኪም! የት ነበርሽ?» ብላ ጮኸች። «ሐኪም ቤት መግባትሽን ሰምታ፣ በሽታዬን ለሷ ብቻ ነው የምነግረው ብላ በኅዳር ወርዳ ነበር እኮ። አላገኘኋትም ብላ ተመለሰች።»

አላገኘኋትም። ለመንደሩ የተናገረችው ይህን ነው። አዶትን አየኋት፤ ዓይኗን ከሳንቃው ላይ አላነሳችም።

ቆይታ ወደ ቤት አስገባችኝ። ጉልበቷን ይዤ ይቅርታ ልጠይቅ ነበር፣ ስንት ቀን የተለማመድኩት ንግግር ነው። «ያን ቀን…» ስል «የቱን ቀን?» አለችኝ። ንግግሬ በዚያው ቀረ። ከዚያ የመጣችበትን ነገር ነገረችኝ። የመጨረሻ ልጇን ከወለደች ጀምሮ ማህፀኗ ወደ ታች ይወርድባታል። ድሮ ስትተኛ ይመለስ ነበር፣ አሁን አይመለስም። በጨርቅ አስራ ትውላለች። ከባሏም፣ ከልጆቿም፣ ከነዚያ ውጭ ካሉት ሴቶችም ደብቃ ኖራለች፤ በማያውቁት ወንድ አፍ የሚነገር ነገር አልነበረም። በሽታው መጽሐፌ ላይ ሁለት ገጽ ነው፤ በቀዶ ሕክምና ይድናል። እሷ ያፈረችበት በሽታዋ ነው፤ እኔ ያፈርኩት በእሷ ነው። ልብሷን ሰብስባ ስታሳየኝ ጋውን አልለበስኩም፣ ጓንት አልነበረኝም፣ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ዶክተር ናት ብላ ያመነችኝ ሰው እሷ ነበረች።

ዕረፍቱ ሲያልቅ ይዣት ወደ ሆስፒታሉ ወረድኩ። ቀዶ ሕክምናው በኋላ ተደርጎላት በሰላም ወደ ቤቷ ገብታለች። ለመጻፍ የተነሳሁት ግን ከዚያ በፊት ስለሆነው ነው።

የማህፀን ሐኪሟ ሴት ናት፤ ዙሪያዋን የቆሙት ተማሪዎች ያው የኔ ጓደኞች ናቸው። «ማን ያስተረጉምላታል?» አለች ሐኪሟ። «እኔ» አልኩ። ነርስ የነበረችው «አንቺ? ከመቼ ጀምሮ ነው ጉራጊኛ የቻልሽው?» አለችኝ።

«የእናቴ ቋንቋ ነው» አልኩ። «እሷንም አውቃታለሁ። ከላብራቶሪ አይደለም የመጣሁት፣ ባዮሎጂ ነው የተማርኩት። ስለ እንሰት በሽታ ያጠናሁት እሷ ጓሮ ነው። በኅዳር መጥታ ስታውቀኝ፣ እኔ አይደለሁም ያልኳት ዋሽቼ ነው።» እንባዬ መጣ። «እንቁራሪት» መሬቱን ያያል። ማንም አልሳቀም፤ ቢስቁ በቀለለኝ።

አዶት አማርኛውን በሙሉ አልተከተለችውም። እንባዬን ግን አየች፣ ነጭ የለበሱትን ሁሉ እኔን ሲያዩ አየች። በሷ ምክንያት ችግር ውስጥ የገባሁ መሰላት። ከአልጋው ቀና ብላ እጄን ጥብቅ አድርጋ ያዘችና በጉራጊኛ ፈጠን ብላ «አታልቅሺ። አታውቀኝም በያቸው። አሮጊቷ ተሳስታ ነው በያቸው» አለችኝ።

ሐኪሟ እስክሪብቶዋን ይዛ «ምን አለች?» ብላ ጠየቀችኝ።

አስተርጓሚዋ እኔ ነበርኩ። «‹አታውቀኝም በያቸው› ነው የምትለኝ» አልኩ።