ዘፈኑ አልቆ ጩኸቱ ቀጠለ

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። እስካሁን አንድ ዘፈን አልቆ ቤቱ ጸጥ ሲል ጆሮዬን አቆማለሁ።

የምኖረው ጀሞ ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ብቻዬን ነው። ሄቪ ሜታል እወዳለሁ። ጓደኞቼ «ጅብ የሚያባርር» የሚሉትን ሙዚቃ ማለቴ ነው። ከተማሪነቴ ጀምሮ ከዚህም ከዚያም በፍላሽ እየገለበጥኩ ሃርድ ዲስክ ሞልቻለሁ፤ ግማሹን ግን ሰምቼው አላውቅም። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ዕጣ አስወጣዋለሁ። ላፕቶፑ ራሱ እየቀላቀለ ይመርጣል፣ እኔ የመጣውን እሰማለሁ። መዝለል ክልክል ነው።

ጎረቤቴ እትዬ ማርታ የሆሳዕና ሰው ናቸው። ጴንጤ ናቸው፣ ያውም ጸሎታቸው ግድግዳ የሚያልፍ። መጀመሪያ ሰሞን ሙዚቃዬን ሲሰሙ ጋኔን ያደረብኝ መስሏቸው፣ በሬ ላይ እጃቸውን ጭነው ሲገሥጹ በበሩ ቀዳዳ አይቻቸዋለሁ። በኋላ ተላመድን። «በል አንተም ጩህ፣ እኔም ልጩህ፤ ጌታ ይለየዋል» አሉኝ አንድ ቀን እየሳቁ። ቅዳሜ ሲሆን እሳቸው በዚያ በኩል ጮክ ብለው ይጸልያሉ፣ እኔ በዚህ በኩል አስጮኻለሁ። ሕንፃው ሁሉ ለምዶናል።

ያን ቀን ሰምቼው የማላውቅ ዘፈን መጣ። ዘፋኙ ያጓራል፣ ከኋላው ሴት ትጮኻለች። አሪፍ ነገር አምጥተዋል ብዬ ድምፁን ጨመርኩለት።

ዘፈኑ አለቀ። ቀጥሎ ጊታር ብቻ ያለበት ለስለስ ያለ ነገር ጀመረ። የሴትየዋ ጩኸት ግን አላቆመም።

ሙዚቃውን አጥፍቼ ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ። «ኢየሱስ! ኢየሱስ!» ይላሉ። ጸሎት ነው ብዬ ልመለስ ስል ሳል አቋረጣቸው። ወዲያው የተቃጠለ ዘይት ሸተተኝ።

ወጥቼ ሳይ በበራቸው ሥር ውሃ ይፈስሳል፣ ከላይ በኩል ጭስ ይወጣል። በሩ ከውስጥ ተቆልፏል። ያን ቀን ውሃ ከብዙ ቀን በኋላ መጥቶ ስለነበር ሁሉም በርሜሉን እየሞላ ነው። የእሳቸው ሞልቶ መፍሰሱ ገባኝ። የኤሌክትሪክ ምድጃቸው ትዝ አለኝ፤ ውሃው ከነካው ያበቃል። ቆጣሪው ያለው ውጭ ስለሆነ መብራታቸውን አጠፋሁ። በሩን በትከሻዬ ብመታው ንቅንቅ አላለም።

የቀረው በረንዳው ነው። የእኔና የእሳቸው በረንዳ ጎን ለጎን ነው፣ ግን መሀሉ ባዶ ነው፣ ከታች ደግሞ ሲሚንቶ። እኔ እንኳን ይህን፣ ወንበር ላይ ቆሜ አምፖል መቀየር የምፈራ ሰው ነኝ። ብረቱን ተሻግሬ ወደ ታች ሳላይ እግሬን ዘረጋሁ። «እትዬ ማርታ፣ መጣሁ!» አልኩ። ጩኸታቸው ቆመ። ከሁሉም በላይ ያስፈራኝ ያ ጸጥታ ነው።

የበረንዳቸው በር እንደ ዕድል ክፍት ነበር። ማዕድ ቤቱ በር ላይ ወድቀዋል። የፈሰሰው ውሃ አንሸራትቷቸው ዳሌያቸው ተሰብሮ ኖሯል። መጥበሻው ከሰል መስሎ ይጨሳል። ዓይናቸው ተከድኗል። ሞተዋል ብዬ አጠገባቸው ተንበርክኬ አለቀስኩ። እጃቸውን ስይዘው ጨበጥ አደረጉኝ።

«አንተ ልጅ» አሉኝ እያሳሉ፣ «ስጮኽ ጭራሽ ድምፁን ጨመርክብኝ?»

በሩን ከፍቼ ሰው ጠራሁ። ከታች ፎቅ የሚኖረው ሰውዬ ሮጦ መጣ፤ በብርድ ልብስ ተሸክመን ስናወርዳቸው ፊቱ አመድ መስሏል። «ጩኸቱን እኮ ከመጀመሪያው ሰምተነዋል» አለኝ። «ያንተ ሙዚቃ መስሎን ነው።»

እትዬ ማርታ ዛሬ በምርኩዝ ይሄዳሉ። ጌታ እንደላከኝ ለሰው ሁሉ ይናገራሉ። እኔ ግን ያን ለስላሳ ዘፈን አልመረጥኩትም፣ ዕጣው ነው ያወጣው። ሌላ የሚያጓራ ቢያመጣልኝ ኖሮ ራሴን እየነቀነቅኩ እቀመጥ ነበር።

ቅዳሜ ዕጣ ማስወጣቴን አልተውኩም። አንዱ ዘፈን ሲያልቅ ግን አቆመውና ወደ ግድግዳው ጠጋ እላለሁ። ጸሎታቸውን ስሰማ ነው ቀጣዩን የምከፍተው።