የቆርቆሮዬ ወረፋ

መቼ እንደነበር በትክክል አላስታውስም። ዓመቱን ብትጠይቁኝ እሳሳታለሁ። ቀበሌ የሚባለው ነገር ከመጣ በኋላ እንደሆነ፣ ድምፄም ገና እየጎረነነ አንዴ ወፍሮ አንዴ ቀጥኖ የሚያሳፍረኝ ጊዜ እንደነበር ግን አውቃለሁ።

ያስታወሰኝ የውሃ ድምፅ ነው። እዚህ ሰፈር ውሃ የምናገኘው በፈረቃ ነው። ዛሬ ማለዳ ቧንቧው መጀመሪያ እንደ ሽማግሌ ሳለ፣ ዝገት ዝገት የሚል ነፋስ ተፋ፣ ከዚያ ባዶው ጀሪካን ውስጥ ድው ድው እያለ ይወርድ ጀመር። የልጅ ልጄ አጠገቤ ቆማለች፤ የወረዳው የወጣቶች ምክር ቤት የሰጣትን ባጅ እስካሁን ከአንገቷ አላወለቀችም። ትናንት ስብሰባ ውላ ነው የመጣችው። የትምህርት ቤታቸው የሴቶች መጸዳጃ ቤት ውሃ የለውም፤ እሱን ልትናገር ነበር የሄደችው።

«እንዴት ሆነልሽ?» አልኳት።

«አልደረሰኝም፣ አባባ። የእኛ ጉዳይ አጀንዳው መጨረሻ፣ ልዩ ልዩ ላይ ነው የተያዘው። ሰዓት አለቀ ተባለ።»

ጀሪካኑ ሞልቶ እግሬ ላይ ሲፈስ ነው ቧንቧውን የዘጋሁት።

ያኔ ቤታችን ከእህል በረንዳ ጀርባ ነበር። ጤፍ በተራገፈ ቁጥር አቧራው በቆርቆሮው ስንጥቅ ይገባና በፀሐዩ ጨረር ውስጥ ይንሳፈፋል። አባቴ ሞቷል፤ እናቴ የሰው ልብስ አጥባ ነው ያሳደገችኝ። ውሃውን ከሰፈሩ ቦኖ የማመጣው እኔ ነኝ። ቦኖው የሚከፈተው ሁለት ሰዓት ነው። የትምህርት ቤቱ ደወል የሚደወለውም ሁለት ሰዓት ነው። በቃ፣ ነገሩ ይኸው ነው። ቀድቼ፣ አድርሼ፣ ሮጬ ስመጣ ዘበኛው በሩን ዘግቶ በቀዳዳው ያየኛል። «ዛሬም ውሃ?» ይለኛል። አንድ ቀን አስተማሪያችን «ከእንግዲህ ካረፈድክ ስምህ ይሰረዛል» አለኝ። ስድስተኛ ክፍል ነበርኩ። ፈተናው ደርሷል።

የቦኖውን ሰዓት የወሰኑት ሰዎች ግቢያቸው ውስጥ የራሳቸው ቧንቧ ነበራቸው። የምንሰለፈው እኛ ልጆች ነን።

ታዲያ አንድ ጊዜ፣ ወጣቶችም በቀበሌው ስብሰባ ድምፅ ይኑራቸው የሚል ነገር ከላይ መጣ። ሁለት ተወካዮች ተመረጥን፤ እኔና የልብስ ሰፊው ልጅ። እኔን የመረጡኝ ወረፋ የሚያልፍ ሲመጣ ስለምጮህ ነው፤ እሷን ደግሞ ምላሷን ስለሚፈሯት። የመጀመሪያው ስብሰባ ዕለት እናቴ የቀራትን ሳሙና ሸሚዜ ላይ ጨረሰችው። ወደ አዳራሹ ስገባ እኔ ራሴን እንደ ሚኒስትር ነበር የማየው።

ሊቀመንበሩ ሸማ ተራ ጋቢ የሚሸጥ ነጋዴ ነበር። ደጅ ላይ ጋሼ የምንለውን ሰው እዚያ ውስጥ ጓድ በሉ ተባልን። አጥሩ ተነሳ፣ ቦዩ ተነሳ፣ ጥበቃው ተነሳ፤ አንዱ ሲጨርስ ሌላው «የተባለውን ለማጠናከር ያህል» ይልና ያንኑ ይደግመዋል። የእኛ የቦኖ ሰዓት ጉዳይ መጨረሻ ላይ ነበር፤ ልዩ ልዩ። እዚያ ላይ ሲደረስ ሊቀመንበሩ ሰዓቱን አየ። «ልዩ ልዩውን ለሚቀጥለው እናቆየው» አለ። በሚቀጥለውም እንዲሁ። በሚቀጥለውም።

«እኛ እኮ የተጠራነው ለማጨብጨብ ነው» አለችኝ የልብስ ሰፊው ልጅ ስንወጣ። «እጄ ሊላጥ ነው።»

በቦኖ ደንብ ሰው ባይኖርም ቆርቆሮው ይሰለፋል። ባዶ የዘይት ቆርቆሮህን አስቀምጠህ ብትሄድ ማንም አያልፈውም፤ እንደ ሰው ይከበራል። የሰው ቆርቆሮ የዘለለ በሰፈሩ ስሙ ይጠፋል። እኔም ስናደድ ስናደድ ከረምኩና በሌላው ስብሰባ ቆርቆሮዬን ይዤ ገባሁ፤ ከሊቀመንበሩ ጠረጴዛ ፊት አስቀመጥኩት።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ወረፋዬ ነው፣ ጋሼ... ጓድ።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። «ልጄ፣ እዚህ ቤት ቧንቧ የለም» አለኝ።

«ቢኖርማ ልዩ ልዩ ላይ ነበር የሚከፈተው!» አለች ያቺ ልጅ ከኋላዬ።

አንድ ሽማግሌ የእህል ነጋዴ ግን አልሳቁም። «በወረፋ አይቀለድም። ቆርቆሮው ቀድሟል፤ ይናገር» አሉ።

ተነሳሁ። ስንት ቀን ያጠናሁት ንግግር ጥሎኝ ጠፋ። ድምፄ ቀጥኖ ወጣ። «ቦኖው አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ይከፈትልን። የትምህርት ቤት በር እየተዘጋብን ነው» ብቻ አልኩ። ተጨበጨበልኝ። ሊቀመንበሩ ራሱ አጨበጨበ። «በጣም ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ይጠናል» አለ።

እንደ ሞኝ ደስ አለኝ። ይጠናል ማለት ምን ማለት እንደሆነ ገና አላውቅም ነበር። ከዚያ በኋላ በጠየቅሁ ቁጥር «እየተጠና ነው» ነው መልሱ።

ይህንን ለቦኖው ጠባቂ ነገርኳት። ቁልፉን በክር አስራ አንገቷ ላይ የምታንጠለጥል፣ ድምፀ ጎርናና ሴት ነበረች። ክሩን ከደረቷ መዘዘችና አሳየችኝ። «ቁልፉ ይኸው። በሩ ያው። ምኑ ነው የሚጠናው?» አለችኝ። አንድ ቀን እንኳ ስብሰባ ጠርተዋት አያውቁም። ቀድማ ብትከፍት ደግሞ ከእንጀራዋ ትባረራለች። ክሩን መልሳ ደረቷ ውስጥ ከተተችና «ስማ፣ ቆርቆሮህን አስቀምጥና ወደ ትምህርትህ ሂድ» አለችኝ።

«ማን ይቀዳልኛል?»

«ሂድ አልኩህ እኮ፣ አንተ ልጅ!»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ተራዬ ሲደርስ ትሞላዋለች። ቦኖውን ስትዘጋ ቆርቆሮውን በጀርባዋ አዝላ እናቴ ደጅ ታደርስልኛለች። ከትምህርት ስመለስ ደጃፋችንን ርሶ አገኘዋለሁ፤ እርጥብ አፈር ይሸተኛል። ያ ሽታ ዛሬም ባለበት ያቆመኛል። ስድስተኛን አለፍኩ።

ክረምቱ ሲወጣ ቦኖው ላይ ሌላ ሰው አገኘሁ። ታማ ወደ አገሯ ገባች ተባለ። የት ነው አገሯ ብዬ ብጠይቅ የሚያውቅ ጠፋ። አዲሱ ጠባቂ የማንንም ቆርቆሮ አይነካም። ሰባተኛን ጀመርኩ፤ አረፈድኩ፤ አረፈድኩ፤ ስሜ ተሰረዘ። እህል በረንዳ ገብቼ ኩንታል ተሸካሚ ሆንኩ።

አንድ ቀን ጤፍ አውርጄ ስቀመጥ ሊቀመንበሩ አየኝ። «ያ ሐሳብህ እኮ ጸደቀ! ቦኖው በጠዋት ሊከፈት ነው!» ብሎ ትከሻዬን መታ አደረገኝ። አቧራዬ ቦነነና ጋቢው ላይ አረፈ። ምን ልበለው? «እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼ» አልኩት።

የልጅ ልጄ ይህን ሁሉ ጀሪካኑ ላይ ተቀምጣ ሰማችኝ።

«እና ጀሪካን ይዤ ልግባ?» አለች እየሳቀች።

«ግቢ። ባዶውን ግን።»

ሳቋ ቆመ። «አባባ፣ ከዚያ ሁሉ ሰው አንድ የረዳህ አልነበረም?»

«አዳራሹ ውስጥ ያሉት አጨበጨቡልኝ» አልኳት። «የረዳችኝ ውጭ ነበረች።»

ስሟን ለሰው ከነገርኩ ብዙ ዘመን ሆኖኛል።

እትዬ ዘነበች።