ጆሮ ዳባ ልበስ ያለው ጣሪያ

አባቴ የቤታችንን ጣሪያ መክሰስ የጀመሩት ካቻምና ክረምት ነው። "ይኼ ቤት ደንቁሯል" ይላሉ እጃቸውን ወደ ኮርኒሱ እየቀሰሩ። "ድሮ ዝናብ ሲመጣ እንቅልፍ ይነሳን ነበር። አሁን ቆርቆሮው ጆሮ ዳባ ልበስ ብሏል።"

መልበሱንስ ለብሷል። መካነ ሰላም ዳር ያለው ቤታችን ከጀርባው ትልቅ ጥድ አለ። ፀሐይ በማያገኘው ወገን የጥዱ ቅጠል እየረገፈ፣ ጉሙም እያረጠበው፣ ቆርቆሮው አረንጓዴ ሽበት አብቅሏል። ዛፍና ድንጋይ ላይ የሚበቅለውን ያን ለስላሳ ነገር እኛ ሽበት ነው የምንለው። ከሥሩ ኮርኒሱ ሻግቶ ጠቁሯል። ዝናቡ ግን ይሰማል። ከአባቴ በቀር ሁላችንም እንሰማዋለን።

አንድ ቀን ሽማግሌው ጎረቤታችን በአጥር ላይ ብቅ ብለው "ላሟስ እንዴት ናት? ወለደች ወይ?" ቢሏቸው፣ አባቴ ኮራ ብለው "ተመስገን፣ ደህና ናት። ወገቧን ብቻ ነው የሚያማት" ሲሉ መለሱ። እናቴ ከጓዳ ሆና "ኧረ መንታ ወለደች በላቸው! በስተርጅናዬ!" ብላ ጮኸች። እሱንም አልሰሙም።

"አንተ ሰውዬ፣ ሽበቱ ቆርቆሮው ላይ ብቻ ነው እንዴ?" ትላቸዋለች ጠጋ ብላ።

"የኔ ጆሮ ጉንዳን ሲሄድ ይሰማል!"

"ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው" ትልና ትስቃለች። የእሷ ጆሮ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። የጎረቤት ዶሮ ጓሮ ጎመኗ ውስጥ ገና አንድ እግሯን ስታስገባ፣ እናቴ ዱላ ይዛ ደጅ ናት።

ሐኪም ቤት እንሂድ ብዬ ብለምናቸው አባቴ በጄ አላሉም። በመጨረሻ ግን "መጀመሪያ ጣሪያው ይጠረግ። ተጠርጎ ዝናቡን ካልሰማሁ፣ ያኔ እንዳሻችሁ አድርጉኝ" አሉ። እኔም እሺ አልኩ። የሞኝ ውርርድ ነበር።

ግንቦት ሲያልቅ መሰላል ተበድሬ ወጣሁ። "ቢሮ ያሰለሰለው እግር ጣሪያ ወጣ!" አለች እናቴ መሰላሉን ደግፋ። አባቴ ከታች ሆነው ያዝዙኛል። "ሚስማር ሚስማሩን ርገጥ!"

"እሺ!"

"እሺ አትልም እንዴ?"

"እሺ አልኩ እኮ!"

"ይኼ ልጅ ሲያናግሩት ዝም ይላል" አሉ ለእናቴ፣ ከልባቸው ተቀይመው።

በአካፋ ልፋቀው ስል "ቆርቆሮውን ልትበሳው ነው!" ብለው ጮኹብኝ። እውነታቸውን ስለሆነ በእንጨት ፈቀፈቅሁት። እንደ እርጥብ አጎዛ እየተገለበጠ ሲወርድ ከታች ዶሮዎቹ ተሻሙበት። ከዚያ በረኪና በውሃ በጥብጬ በመጥረጊያ አሸሁት፤ በአሸንዳው የታጨቀውንም የጥድ ቅጠል አወጣሁ። ወገቤ ተቆረጠ። አባቴ ግን እንደ አዲስ ሙሽራ ደስ ብሏቸው ሰማዩን እያዩ ሰነበቱ።

ዝናቡ ሰኔ ላይ አንድ ከሰዓት ወረደ። ሽበቱ የተገፈፈለት ቆርቆሮ፣ ወላሂ፣ ያገር ድንጋይ የሚወርድበት ነው የሚመስለው። አባቴ መደቡ ላይ ተቀምጠው ቀና አሉ። ደጁን አዩ፤ ግቢው በውሃ ነጭቷል። እንደገና ቀና አሉ። ጠበቁ። ሳቃቸው ቀስ በቀስ ከፊታቸው ሲጠፋ አየሁ። ውርርዱን ባላሸነፍኩ አልኩ።

ወደ እናቴ ዞሩና "ይሰማል?" አሉ።

ስንት ዘመን ስታፌዝባቸው የኖረች ሴት ናት። አሁንም አንድ ነገር አይጠፋትም ብዬ ፈራሁ። እሷ ግን እጇን ከጆሮዋ ኋላ አድርጋ ወደ እሳቸው ጎንበስ ብላ ጮኸች። "ምን አልክ? ኧረ ጮክ በል! ዝናቡ አደነቆረኝ እኮ!"

ፊታቸው በራ። "አላልኩም?" ብለው ጮኹ። "ጣሪያው ነው አላልኩም?"

"ምን?" አለች እናቴ።

ሲያባራም አልተወቻቸውም። ጆሮዋን በመዳፏ ይዛ አፏን ወደ ጆሯቸው አስጠጋችና "ጆሮዬ አልተከፈተልኝም! ነገ ሐኪም ቤት አድርሰኝ! ብቻዬን እፈራለሁ፣ አንተም አብረህ ትታያለህ!" አለቻቸው።

"አብሽሪ፣ አደርስሻለሁ" አሉ አባቴ፣ የታመመ ሰው እንደሚያጽናና ሰው። "አንቺ ከፈራሽ እኔም እታያለሁ።"

ይኼኔ ከጓሮ በኩል የጎረቤት ዶሮ ጎመኑ ውስጥ ገብታ ስትጭር ተሰማ። እናቴን አየኋት። ዱላው አጠገቧ ነበር። እጇን ከጆሮዋ ሳታነሳ፣ ምንም እንዳልሰማ ሰው ዝም ብላ ተቀመጠች።