ቱቦ አጣቢዋ ኖልፋ

ኖልፋ ካዩፓን በቴሙኮ ከተማ ባለ አንድ ሆስፒታል የኢንዶስኮፒ ቱቦ ስታጥብ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኗታል። ቱቦው በአፍ ገብቶ፣ ጨጓራን አልፎ፣ ሐሞት ቧንቧ አፍ ላይ ይደርሳል፤ ዶክተሩም በእሱ በኩል ጠጠር ያወጣል። በዚያ አገር የሐሞት ጠጠር ያላየ ቤት ጥቂት ስለሆነ ኖልፋ አረፍ ብላ አታውቅም።

በዚያ ክረምት ሁለት ሕመምተኞች ጠጠራቸው በወጣ ማግስት በትኩሳት ተንቀጠቀጡ። ሦስተኛዋ፣ ዶኛ ኦርፌሊና የሚሏት ወይዘሮ፣ ትኩሳቱ ሳይለቃት በሳምንቷ አረፈች። ዶክተር ኢሪባራ ኖልፋን ኮሪደር ላይ አስቆማት።

«ቱቦው በደንብ አልታጠበም፣ ኖልፊታ» አላት ስሟን አቆላምጦ።

«አጥቤዋለሁ፣ ዶክተር።»

«ታዲያ ትኩሳቱ ከሰማይ ወረደ?»

ከዚያን ቀን ጀምሮ እያንዳንዱን ቱቦ ሁለት ሁለት ጊዜ ታጥብ ጀመር። የእጇ ቆዳ በመድኃኒቱ ተላጠ፤ ወገቧ አልቃና አላት። እራቷን ሳትጨርስ እንቅልፍ ይጥላታል፣ በሕልሟ ደግሞ ኦርፌሊና ትመጣባታለች። በመጨረሻ ላቦራቶሪ ሄደች።

«ቱቦዎቼን መርምሩልኝ። ጥፋቱ የኔ ከሆነ ልወቀው፤ ደክሞኛል።»

ቱቦዎቹ ላይ ምንም አልተገኘም። ትኩሳት ከያዛቸው ከአንዱ ሐሞት የተገኘው ባክቴሪያ ግን አፍ ውስጥ የሚኖር፣ በታመመ ድድና በተበላ ጥርስ የሚራባ ነበር። ንጹሑ ቱቦ በአፍ ሲያልፍ ይዞት ወርዷል።

ዶክተሩ ወረቀቱን አነበበ። «ለካ መንገዱ ነው» አለ። ይቅርታ ግን አልጠየቃትም።

ኖልፋም ሕመምተኞቹን ወደ ክፍሉ ከመግባታቸው በፊት ጥርሳቸውን ታስቦርሽ፣ አፋቸውን ታስጉመጠምጥ ጀመር። ዶን ኤሌውቴሪዮ የሚባሉ ሽማግሌ ገበሬ ብሩሹን አገላብጠው አዩት።

«ልጄ፣ ጠጠር ልታወጡልኝ ነው ወይስ ልትድሩኝ?»

«አፍዎን ይክፈቱ፣ ዶን ኤሌውቴሪዮ። ሙሽራዋ እየጠበቀች ነው።»

«አራት ጥርስ ነው እኮ የቀረኝ!»

«እንግዲያው ቶሎ እንጨርሳለን።»

ትኩሳቱ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። ኦርፌሊናም ሐሞቷ ሳይመረመር ስለተቀበረች ምን እንደገደላት የሚያውቅ የለም። አንድ እሑድ ኖልፋ መቃብሯ ድረስ ሄዳ የሆነውን ሁሉ ነገረቻት። ስትመለስ ባሏ ዓይኗን አየ።

«አሁንም ይወቅሱሻል?»

«ማንም አይወቅሰኝም። እኔው ነኝ።»

ማቴ የሚባለውን የቅጠል ሻይ በትኩሱ ሰጣት። ሁለቴ ጎንጨት አለችና እዚያው ወንበሩ ላይ አንቀላፋች።