አረም የቀበርንበት ለቅሶ

ቅቤ ስገዛ ዛሬም በጥፍሬ ጫፍ ቆንጥሬ ሳልቀምስ አልከፍልም። ሻጮቹ «ኧረ እማማ፣ ይመኑን እንጂ!» ይሉኛል። እነሱንስ አምናቸዋለሁ፤ የማላምነው ላሟ የጋጠችበትን ሜዳ ነው።

በጣልያን ጊዜ፣ እኔ ገና ልጅ ሳለሁ፣ እናቴ ይጁቤ ገበያ ቅቤ ትሸጥ ነበር። የእሷ ቅቤ ፀሐይ ሳይመታው ያልቅ ነበር። አንድ ቀን ግን ደንበኞቿ እየቀመሱ እንትፍ አሉ። ቅቤው መሯል። ቅሉን እንደሞላ ተሸክመን ተመለስን።

ጉዱ የመጣው ከምሽጉ ነው። ከሰፈራችን በላይ የሰፈረው ጦር በቅሎዎቹን የሚቀልበው ከሩቅ አገር በካሚዮን ባስመጣው ድርቆሽ ነበር። የእኛ ሣር ለክብራቸው አልመጠነም መሰለኝ! ፋንድያውን የሚደፉት ግን እኛው የወል ሜዳ ላይ ነው። ከፋንድያው ውስጥ እሾሃም፣ አበባው ቢጫ፣ ሽታው አፍንጫ የሚሰነፍጥ አረም በቀለ። ሣሩን እየዋጠ ወረደ፤ ከብቱ አማራጭ ሲያጣ እሱን ጋጠ። ስም ስላልነበረው በጣልያን ወታደሮቹ መጠሪያ «ሶላቶ» አልነው፤ እንደ ባለቤቶቹ ሳይጠራ መጥቶ የሰው መሬት ላይ የተዘረፈጠ ነውና።

በደጉ ጊዜ ቢሆን ነቅሎ መጨረሱ የአንድ ቀን ደቦ ነበር። የምሽጉ አዛዥ ግን ሰው እንዳይሰበሰብ ከልክሏል፤ ለእሱ ደቦ ማለት ሽፍታ ነው። ሽማግሌዎቻችን ሄደው ቢለምኑት በአስተርጓሚው በኩል «ለአበባ ነው ይህ ሁሉ ጩኸት?» አላቸው። አበባው ደግሞ ሳምንት ሳይሞላ ጥጥ ሆኖ ዘሩን ለነፋስ ሊሰጥ ነው። የተፈቀደልን መሰብሰብ ለቅሶ ብቻ ነበር።

«እንግዲያው እኔ ልሙት» አለች አክስቴ አትጠገብ፣ የእናቴ ታላቅ፣ ምላሷ ከሶላቶ እሾህ የማያንስ።

«ሟርትሽን ተይ!» አለቻት እናቴ።

«ሟርትስ ያንቺ ቅቤ ነው!»

በማግስቱ ማለዳ ጥሩምባ ተነፋ። ሰዉ ሁሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ ሜዳ ወጣ። ደረቱን እየመታ ያጎነብሳል፤ ሲያጎነብስ ይነቅላል። የተነቀለው ቃሬዛ ላይ እየተከመረ ጋቢ ይለብሳል። የሰፈራችን ቄስ ብቻ «ለአረም ፍትሐት አልፈታም፤ ያየሁትም ነገር የለም» ብለው ከደጃቸው አልወጡም። አልቃሿ የአክስቴን ደግነት ስትደረድር፣ ከጎኔ ፊቷን ተሸፋፍና የምትነቅለው ሟች «ጨምሪበት እንጂ! ጠላዬንስ ረሳሽው?» ትላታለች። ሳቄን ለማፈን ከንፈሬን ነከስኩ።

ሳቄ ብን ብሎ የጠፋው ባንዳው አስተርጓሚ አንድ ጣልያን አስከትሎ ሲመጣ ነው። ከዚያ ሁሉ ሰው መርጦ እኔ ፊት ቆመ።

«አንቺ፣ ማን ሞቶ ነው?»

«አክስቴ... አክስቴ አትጠገብ።»

«እጅሽን ምን አደማው?»

እሾሁ ነበር። አክስቴ ከጎኔ ነጠላዋን ይበልጥ ወደ ዓይኗ ሳበች። የቃሬዛውን ጋቢ ቢገልጠው ሽማግሌዎቻችን ገበያ መሀል እንደሚሰቀሉ ለልጅም አይጠፋም።

«መሬት ስቧጥጥ፣ ጌታዬ» አልኩና ለቅሶዬን ለቀቅሁት። ከዚያ ሁሉ እንባ የእውነት የነበረው የእኔ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ጣልያኑ ወደ ቃሬዛው ዞረ። ባርኔጣውን አወለቀ። ባንዳውም ተከትሎ አወለቀ። ለገዛ አረማቸው!

ሶላቶን ከገደሉ ሥር ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍረን ቀበርነው። አክስቴ ከዚያ ወዲያ ባንዳው ባለፈ ቁጥር «የሟቿ እህት ነኝ» እያለች ኖረች። በዓመቱ ትርፍራፊው ሲበቅል ተረኛው አጎቴ ሞተ። ጣልያን ሲወጣ ሜዳው ጠርቶ ነበር፤ የእናቴም ቅቤ ጣፍጧል። እኔ ግን ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል። በገዛ ሜዳችን አረም ለመንቀል ሬሳ ያስፈልገን?

አምና ለተዝካር ወርጄ ሜዳውን አየሁት። ሌላ አረም፣ ሌላ አበባ፣ እስከ ጉልበቴ ደርሷል። የሰፈሩን ልጆች «ምን እየጠበቃችሁ ነው?» ብላቸው «ሦስት ጊዜ ተሰብስበንበታል፣ እማማ፤ ገና እየተወያየን ነው» አሉኝ። ተሰብስበው! ማንም ሳይከለክላቸው፣ እጃቸውን ኪሳቸው ከተው!

ሳይመሽ ለጥሩምባ ነፊው ላክሁበት። አበባው ጥጥ ከመሆኑ በፊት ሟች ካስፈለገ፣ እኔ አለሁ።