ጎረቤት የተባለችው ጥፍር ሠሪ

የሺመቤት ሰው ፊት እጇን ዘርግታ አታውቅም። ለሰላምታ እንኳ ነጠላዋን ጣቶቿ ላይ ጣል አድርጋ ነው የምትጨብጠው። ለቅሶ ቤት ብትሄድ እጇ ብብቷ ውስጥ ነው፤ ሠርግ ቤት ብትሄድ ነጠላዋ ሥር ነው። ሃያ አራት ዓመት ሙሉ ቦሌ አንድ ሆቴል ውስጥ አንሶላና ፎጣ አጥባለች። በረኪናው ጥፍሯን በልቶት ጫፍ ጫፉ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይቀረፋል፤ አንዳንዱ መሐል ለመሐል ተሰንጥቋል፤ የቀኝ አውራ ጣቷ ደግሞ ጠቁሮ ቀርቷል። እሷ ጡረታ ከወጣች ሰባት ዓመት አለፋት፤ ጥፍሯ ግን ጡረታ አልወጣም። የነጠላ ክር ይስባል፣ ሲነካካ ያማል።

ይኸ አንዱ ኀፍረቷ ነው። ሌላው ከዚህ የባሰ ነበር፤ እሱን ለንስሐ አባቷም አልተናገረችው።

አንድ ልጅ አለቻት፣ ሔዋን የምትባል። አባቷ ገና ጡት ሳትተው ሞቶ በእናቷ እጅ ብቻ ነው ያደገችው። በጽሕፈት ሥራ ተምራ ዲፕሎማ የያዘች ዕለት የሺመቤት ማኅበርተኞቿን ጠርታ ደግሳለች። ከዚያ በኋላ ግን ሥራ ጠፋ። ሁለት ዓመት ሙሉ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ቆማ ጫማዋን ከጨረሰች ወዲያ፣ ልጅቷ አንድ ቀን ብድግ ብላ ጥፍር መሥራት ተማረች። አሁን ኢምፔሪያል አካባቢ አንድ የውበት ሳሎን ውስጥ ትሠራለች። እጀ መልካም ናት፤ ሴቱ ሁሉ እሷን ብሎ ነው የሚመጣው። ጎሕ ሲቀድ ከየካ አባዶ ታክሲ ተሰልፋ ትወጣለች፣ አመሻሽ ላይ ወገቧን ይዛ ትገባለች።

የሺመቤት ግን ለማኅበርተኞቿ «ቦሌ ትልቅ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሆናለች» አለቻቸው። በእሷ ወጣትነት ኩቴክስ የተቀባች ሴት ማለት ቡና ቤት ደጃፍ የምትቀመጥ ሴት ነበረች፤ ያ ነገር ከሆዷ አልወጣላትም። መቼስ ውሸት አንዴ ከተወለደ ቀለብ ይፈልጋል። «ሔዋን እንዴት ናት?» ሲሏት «ተመስገን፣ እድገት አገኘች» ትላለች። እንዲህ እያለች ልጅቷን ሁለት ጊዜ እድገት ሰጠቻት፤ አንዴም ለሥልጠና ባሕር ዳር ልካ መለሰቻት።

የማርያም ማኅበር ተራዋ ደረሰ። ወሩ በገባ በሃያ አንድ ነው፤ ሰው እንዲመቸው ብለው ግን ለእሑድ አደረጉት። ዋዜማውን፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሔዋን ከሥራ ቀደም ብላ ስትገባ እናቷ ሶፋ ላይ ተቀምጣ ጣቶቿን እያገላበጠች ስታይ አገኘቻት።

«ምን ሆንሽ እማ?»

«ነገ ጽዋውን ለተረኛዋ ማስረከብ አለብኝ። ጽዋ በሁለት እጅ ነው የሚሰጥ፣ ነጠላ ጣል አይደረግበት። አሥራ ሁለት ሴት እጄን ቁልጭ አድርጎ ሊያየው ነው።»

«በይ ነይ፣ ልሥራልሽ።»

«ወግጂልኝ! በስተርጅና ኩቴክስ? የማርያምን ማኅበር ቡና ቤት አደረገችው ሊሉኝ?»

«ቀለም የለውም እኮ። ውሃ ነው የሚመስለው። ጥፍርሽን እንዳይሰነጠቅ ደግፎ ይይዝልሻል። እናትሽ እንሶስላ ታስር አልነበር? ያው ነው።»

እንሶስላ ስትላት የሺመቤት እናቷ ትዝ አለቻት። እናቷ ቡልጋ ሳለች ሥሩን ከወንዝ ዳር ቆፍራ፣ ወቅጣ፣ በጣትና በመዳፏ ላይ አድርጋ በጨርቅ ጠቅልላው ታድር ነበር። ጠዋት ሲፈታ ጥፍሯ እንደ ኮሽም ቀልቶ ይወጣል። «እጅ ያጠነክራል፣ ሥራ አይፈራም» ትላለች። በዚያ እጅ አርማ፣ ለቅማ፣ ልጅ አሳድጋ፣ ቤተ ክርስቲያን ስማ ሞተች። ቡና ቤት ያላት ሰው የለም። የሺመቤት ይኸን እያሰበች ሳታውቀው እጇን ዘረጋች።

ሔዋን የእናቷን እጅ በሳሙና አጥባ አጥብቃ አደረቀችው፤ ጥፍር ውሃ እንደጠጣ ከተቀባ ቶሎ ይላቀቃል አለች። ጫፉን በሞረድ ስትሞርድ ወደ አንድ ወገን ብቻ ነበር።

«ወዲያ ወዲህ አድርጊው እንጂ፣ ቶሎ ያልቅልሻል» አለች የሺመቤት።

«እንደ መጋዝ ከተመላለሰበት ይተረተራል። አንቺ ዝም ብለሽ ተሠሪ።»

ቀጥላ ጥጥ አሴቶን ነክራ ወዙን ጠረገችው። የቅቡን ጠርሙስ አልናጠችም፤ በሁለት መዳፏ መሐል አንከባለለችው። ከተናጠ አረፋ ይይዝና በማግሥቱ ይፈነቀላል አለች። ስስ አድርጋ ቀባች፣ እስኪደርቅ ጠበቀች፣ እንደገና ስስ አድርጋ ደገመች። በመጨረሻ ብሩሹን በጥፍሩ ጫፍ አፍ ላይ ዞር አደረገችው። «መላጥ የሚጀምረው ሁሌ እዚህ ጋ ነው፤ አፉን ከዘጋሽለት ሳምንት ይቆያል።»

የሺመቤት የልጇን ጣቶች አየች። ሃያ አራት ዓመት የሰው አንሶላ ስታሽ አንድ ሰው እጇን እንዲህ ይዞላት አያውቅም። የምስጋና ቃል ልትናገር አፏን ስትከፍት የወጣው ግን ሌላ ሆነ።

«እነዚያን ጠርሙሶችሽን ነገ ከአልጋ ሥር አድርጊልኝ። ያው… ሰው ይመጣል።»

ብሩሹ አየር ላይ ቆመ።

«እሺ» አለች ሔዋን። የትንሿን ጣት ጥፍር ቀብታ ጨረሰች። «ዛሬ ሙቅ ውሃ እንዳትነኪ። ከዚያ በኋላም ዕቃ ስታጥቢ ጓንት አድርጊ።»

እሑድ ማኅበርተኞቹ መጡ። ከሁሉ በዕድሜ የሚበልጡት እትዬ ትርንጎ የሺመቤት ቤት ያለበት አራተኛ ፎቅ ደርሰው የበሩን መቃን ይዘው አለከለኩ። «ይኸ ቤት ነው ደብረ ዳሞ? ገመድ አውርጂልን እንጂ የሺ!» ሁሉም ሳቀ። መጨረሻ ላይ ብሩክታይት ገባች። ማኅበሩን ከተቀላቀለች ገና ሦስት ወሯ ነው፤ ገርጂ የምትኖር ረጋ ያለች ሴት። በሩን የከፈተችላት ሔዋን ነበረች፤ ሁለቱ ትንሽ ተያዩ። የሺመቤት አይታቸዋለች፣ ልብ ግን አላለችውም።

ጸሎቱ ደረሰ፣ ዳቦው ተቆረሰ፣ ተበላ ተጠጣ። ጸሎቱን ያደረሱት ቄስ ሌላ ቤት ቀጠሮ አለብኝ ብለው መርቀው ወጡ። የሺመቤት ጽዋውን አነሳች፤ ተረኛዋ ብሩክታይት ነበረችና ተነሥታ ወደ እሷ ቀረበች። የመስኮቱ ብርሃን ጥፍሮቿ ላይ አረፈ። ስንጥቁ የለ፣ ልጣጩ የለ፤ ጤናማ የሰው ጥፍር ሆኗል።

«ውይ የሺ! እጅሽን እስቲ!» አሉ እትዬ ትርንጎ። «ይኸን ሁሉ ዘመን ነጠላ ሥር ደብቀሽ ያኖርሽብን ይኸን ነው? ማን ሠራልሽ?»

ሁሉም ዞሮ አየ። ሔዋን የብርጭቆ ትሪ ይዛ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማለች። «ልጄ» የሚለው ቃል የሺመቤት ምላስ ጫፍ ድረስ መጥቶ ነበር። ከኋላው ግን ያ ጸሐፊነት፣ ያ እድገት፣ ያ የባሕር ዳር ሥልጠና ተሰልፈው ታዩአት።

«ጎረቤት ናት» አለች። «እዚሁ ሕንጻ ላይ አንዲት ልጅ አለች።»

«እንግዲያ ጥሪልኛ! የኔም እኮ የጅብ ጥፍር ሆኗል።»

«ዛሬ የለችም እትዬ» አለች ሔዋን ከበሩ። ድምጿ ምንም አልሆነም። «እሑድ አትሠራም።»

«ጎበዝ ናት መቼስ፣ እጇ ይባረክ።»

«አዎ፣ ጎበዝ ናት» አለች ሔዋን። ትሪውን አስቀምጣ ተመለሰች። ብሩክታይት አንገቷን እንደደፋች ጽዋውን ተቀበለች።

ከዚያ በኋላ የተወራውን የሺመቤት አልሰማችውም። ልጇን ክዳለች፤ ያውም ጽዋ በእጇ ይዛ። በአገሯ ሰው ተካሶ የሚታረቀው በጽዋ ፊት ነው፤ እሷ በጽዋ ፊት ዋሸች። ፊቷ እስከ ጆሮዋ ጋለ። እንግዶቹ እየሳሙ ሲሰናበቷት በጉንጯ ሙቀት ያወቁባት መሰላት።

ብሩክታይት በነጭ ጨርቅ የተሸፈነውን ጽዋ አቅፋ ወደ ኋላ ቀርታ ነበር። የሺመቤት በነጠላ ጫማ ተከትላት ወረደችና ሁለተኛው ፎቅ ላይ ደረሰችባት።

«ብሩክታይት፣ ቆይኝማ። ያቺ ጎረቤት ያልኳት… ልጄ ናት። ሔዋን ናት።»

«አውቃለሁ እትዬ የሺ።»

«ማን ነገረሽ?»

«ለልጄ ሠርግ ጥፍሬን የሠራችልኝ እሷ ናት። ዛሬ በር ስትከፍትልኝ ላቅፋት ስል በዓይኗ ዝም በይ አለችኝ። ምን አጥፍታ ይሆን ብዬ ፈራሁላት። ለካ እሷ አይደለችም ያጠ…» ብሩክታይት አፏን ያዘች። «ይቅር ይበሉኝ እትዬ የሺ። እርስዎን ማለቴ አይደለም።»

እሷን ማለቷ ነበር፤ ሁለቱም ያውቁታል። የሺመቤት የደረጃውን ብረት ተደግፋ ወደ ላይ ወጣች። ልጅቷ የተካደችው አሁን አይደለም ለካ። በር ከመክፈቷ በፊት፣ ጠርሙሶቹን ደብቂ ስትባል መካዷን አውቃ፣ የእናቷን ውሸት ስትጠብቅላት ነው የዋለችው።

ሔዋን ዕቃ እያጠበች ነው።

«ነገርኳት» አለች የሺመቤት።

«ለማን?»

«ለብሩክታይት።»

«እሷማ ታውቃለች። ለሚያውቅ ሰው መንገር ምን ያደርጋል?» አለች ሔዋን ቀና ሳትል።

የሺመቤት ወደ መስኮቱ ሄደች። ከዚያ ስልኳን አንሥታ እትዬ ትርንጎ ጋ ደወለች። አምስት ስድስት ሆነው በአንድ ታክሲ ነበር የሄዱት፤ የሾፌሩ ሙዚቃ በስልኩ ይሰማል።

«እትዬ፣ እኔ ነኝ። ያ ጥፍር… የሠራችው…»

«ምን? አይሰማም! ጮክ በይ፣ ታክሲ ውስጥ ነኝ!»

«ልጄ ናት እያልኩ ነው።»

«ማን ታመመ?»

«ማንም አልታመመም! ጥፍሬን የሠራችው ሔዋን ናት! ጸሐፊ አይደለችም! ጥፍር ሠሪ ናት! ኢምፔሪያል ነው የምትሠራው! ዋሽቼያችሁ ነው!»

ፊት ለፊት ካለው ሕንጻ ልብስ የምታሰጣ ሴት ዞራ አየቻት። በስልኩ ውስጥ ሙዚቃው ቀነሰ።

«ጽዋውን ይዘሽ?» አሉ እትዬ ትርንጎ።

«ይዤ።»

«እንግዲህ ንስሐ ግቢ» አሉና ዘጉት።

የሺመቤት ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፤ ቀና ማለት ግን አቃታት። ሔዋን ቧንቧውን ዘጋች።

«ተሳፋሪው ሁሉ ሰማሽ እኮ» አለች።

«አፈርኩ።»

«በእኔ?»

«የለም። በራሴ።»

ሔዋን እናቷን ትንሽ አየቻት። ቧንቧውን መልሳ ከፍታ የቀሩትን ብርጭቆዎች ማጠብ ጀመረች።